የፒቱታሪ ዕጢ ናሙና በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ አይግባ፦ ለሆስፒታሎችና ለሕክምና መመሪያ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታል ሕክምና ዳይሬክተሮች፣ የሕክምና መመሪያ ለሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም በአንጎል ቀዶ ሕክምና፣ በራዲዮሎጂ፣ በፓቶሎጂና በማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ

ክቡራን፣

የሆርሞን ሕመሞችን የማክም ሐኪም ነኝ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአንጎል ሥር ሆኖ ሌሎች የሆርሞን ዕጢዎችን የሚመራው የፒቱታሪ ዕጢ ኢንፌክሽን ሳይታወቅ የሚያልፍበትን አንድ ክፍተት ለማሳየትና ክፍተቱ በመመሪያ እንዲዘጋ ለመጠየቅ ነው። ክፍተቱ ያለው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዕጢው የወጣው ፈሳሽ ወይም ሥጋ በምን ዕቃ ተይዞ ወደየትኛው ላቦራቶሪ እንደሚሄድ በሚወሰንባቸው ጥቂት ደቂቃዎች። ኢንፌክሽን ያልተጠረጠረበት ናሙና ብዙ ጊዜ በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ፎርማሊን የሥጋውን ቅርጽ ጠብቆ ለማይክሮስኮፕ ያመቻቻል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለውን ጀርም ይገድላል። የሞተ ጀርም በካልቸር (ጀርምን በላቦራቶሪ በማብቀል በሚደረግ ምርመራ) አይበቅልም፤ ያልበቀለ ጀርም ደግሞ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ ሊመረመር አይችልም። ከብዙ ድካም በኋላ የተገኘውን መልስ በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን ማለት ነው።

የምጠይቀው ውድ መሣሪያ ወይም አዲስ የሥራ ክፍል አይደለም። በፒቱታሪ አካባቢ ፈሳሽ ያዘለ፣ ወይም በኤምአርአይ ዙሪያው ብቻ እንደ ቀለበት የሚደምቅ እብጠት ለቀዶ ሕክምና በቀረበ ቁጥር፣ እንዲሁም ቀዶ ሐኪሙ ያልጠበቀው ወፍራም ፈሳሽ ወይም መግል ባጋጠመው ጊዜ ሁሉ ናሙናው ይከፈል። አንዱ ክፍል እንደተለመደው ወደ ፎርማሊን ይግባ፤ ሌላው ምንም ኬሚካል በሌለበት ከጀርም የጸዳ ዕቃ ተይዞ ሳይውል ሳያድር ለባክቴሪያ፣ ለፈንገስና ለቲቢ ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄም አለኝ፤ ይኸውም ከቀዶው በፊት የታካሚው ኮርቲሶል (ሰውነት ሕመምንና ቀዶን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን) እንዲለካና እጥረት ከተጠረጠረ ውጤቱ ሳይጠበቅ እንዲተካ ነው። ምክንያቴን በሰፊው እገልጻለሁ።

ሕመሙ እምብዛም የማያጋጥም መሆኑን አልክድም። በፒቱታሪ አካባቢ ከሚገኙ እብጠቶች ውስጥ መግል የቋጠሩት 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ አንድ ቀዶ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሁሉ ጥቂት ብቻ ሊያይ ይችላል። ብዙዎች ታዲያ ለዚህ ሲባል የሁሉንም ታካሚ ናሙና መከፋፈል ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። እኔ የምመለከተው በተቃራኒው ነው። አዘውትሮ የሚያጋጥም ሕመም በልምድ ይታወቃል፤ ሐኪሙ ባይጽፈውም ዓይኑ ይለየዋል። በዐሥር ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣን ሕመም ግን በማስታወስ ብቻ መያዝ አይቻልም። የሚያዘው ማንም ሳያስበው በሚፈጸም ቋሚ አሠራር ነው።

ዕጢው ራሱ ግማሽ ግራም ያህል የሚመዝን ትንሽ አካል ነው፤ የተቀመጠው ግን በአስጊ ሰፈር ነው። ከሥሩ ስስ አጥንት ብቻ ለይቶት ስፌኖይድ የተባለው የአፍንጫ ጓዳ ሳይነስ አለ፤ ግራና ቀኙን ወደ አንጎል የሚወጣው የካሮቲድ ደም ቧንቧና ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ፤ ከላዩ ደግሞ የማየት ነርቮች ይሻገራሉ። ጀርም ከሳይነስ ተሻግሮ፣ በደም ተጉዞ፣ ከማጅራት ገትር ተዛምቶ ወይም ቀደም ሲል በተደረገ ቀዶ ሕክምና በኩል ሊደርስበት ይችላል። አብዛኛው መግል የሚቋጠረው ቀድሞ ጤናማ በነበረ ዕጢ ውስጥ ሲሆን፣ የቀረው አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የዕጢው ቱመር)፣ የራትኬ ከረጢት (ከጽንስ ጊዜ የቀረ ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት) ወይም ክራኒዮፋሪንጂዮማ (በዕጢው አጠገብ የሚወጣ ሌላ ቱመር) ባለበት፣ አልያም ቀዶ ወይም የጨረር ሕክምና በተደረገበት ቦታ ላይ ይከሰታል። ስለዚህ «ይህ ሰው አዴኖማ እንዳለበት ከዓመታት በፊት ታውቋል» የሚለው ቃል ኢንፌክሽንን አያስቀርም፤ አንዳንዴ እንዲያውም በር ከፋቹ እርሱ ነው። ኢንፌክሽን በዚህ ዕጢ ላይ የሚተወው ጉዳት አዲስ ወሬም አይደለም። በሃምቡርግ ይሠራ የነበረው ፓቶሎጂስት ሞሪስ ሲሞንድስ እ.ኤ.አ. በ1914 ከወሊድ በኋላ በከባድ ኢንፌክሽን ታማ ከዓመታት በኋላ የሞተች ሴት ፒቱታሪ ዕጢዋ መክሰሙን ጽፎ ነበር።

ኢንፌክሽን ሲባል ሁላችንም ትኩሳት እንጠብቃለን። እዚህ ላይ ነው የምንታለለው። ከፒቱታሪ መግል ጋር የሚመጡ ታካሚዎች አብዛኞቹ ትኩሳትም ሆነ የአንገት መገተር የላቸውም፤ ነጭ የደም ሴላቸውም ያልጨመረ ሊሆን ይችላል። ይዘውት የሚመጡት ስሜት የራስ ምታት፣ የዕይታ መጥበብ፣ ድካም፣ የወር አበባ መቅረት፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ አንዳንዴም ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ ነው። ይህ ሁሉ ከተራ የፒቱታሪ ቱመር ጋር አንድ ይመስላል። የሚለያቸው ከሁሉ የተሻለ ምልክት በእኔ አመለካከት ሽንት ነው። ቀንም ሌሊትም የሚሸና፣ ሌሊት ለውሃ ደጋግሞ የሚነሣ ታካሚ ዳያቤትስ ኢንሲፒደስ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም በደም ስኳር ምክንያት ሳይሆን ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞን በመጥፋቱ የሚመጣ ሕመም ነው። አዴኖማ ገና ከጅምሩ ይህን የሚያስከትለው አልፎ አልፎ ብቻ ሲሆን፣ መግል በቋጠረ ዕጢ ግን በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ የፒቱታሪ እብጠት ያለበትን ሰው «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል፤ ጥያቄውም ገንዘብ አያስወጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ኮርቲሶሉ ያነሰ ሰው ኩላሊቱ ውሃን በአግባቡ ማስወጣት ስለሚያቅተው፣ ዳያቤትስ ኢንሲፒደስ ቢኖርበትም ሽንቱ ያልበዛ ሊመስል ይችላል። ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን በተጀመረ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሽንቱ ድንገት ሲጎርፍ መድኃኒቱ ጎዳው ተብሎ የሚቆም ከሆነ ስሕተቱ ከባድ ይሆናል። መድኃኒቱ ያደረገው የተሸፈነውን ሕመም መግለጥ ነው፤ ሃይድሮኮርቲዞኑ ሳይቋረጥ በደም ያለው ሶዲየም እየተለካ ሽንትን የሚቆጥበውን ሆርሞን የሚተካው ዴስሞፕሬሲን ይጨመራል።

የራዲዮሎጂ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ደግሞ በሪፖርታችሁ መጨረሻ የምትዘረዝሯቸው አማራጮች ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳይዘለል ነው። መግል ቲ1 በተባለው የኤምአርአይ ምስል ጠቆር፣ ቲ2 በተባለው ደመቅ ብሎ፣ ጋዶሊኒየም የተባለው ማድመቂያ ሲሰጥ ደግሞ ዙሪያው ብቻ እንደ ቀለበት በርቶ ይታያል። ችግሩ የራትኬ ከረጢትም፣ ፈሳሽ የያዘ አዴኖማም፣ ደም የፈሰሰበት ዕጢም እንዲሁ ሊመስሉ መቻላቸው ነው። የውሃን እንቅስቃሴ የሚያሳየው የዲፊውዥን ምስል መግልን አጉልቶ ሲያሳይ ትልቅ እገዛ ነው፤ ባላሳየ ጊዜ ግን መግል የለም ለማለት አያበቃም፤ እብጠቱ ትንሽ ሲሆንና አጠገቡ ያለው የሳይነስ አየር ምስሉን ሲያዛባ ምልክቱ ይጠፋል። የዕጢው ግንድ መወፈር፣ የአንጎል ሽፋን መብራት፣ ከሥር ያለው ሳይነስ በፈሳሽ ወይም በወፈረ ሽፋን መሞላት አብረው ከታዩ ጥርጣሬው መጠንከር አለበት። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የራዲዮሎጂስቱ ብቻ አይደለም። «የፒቱታሪ እብጠት» ከሚል ሁለት ቃል በቀር ምንም ያልተጻፈበት የምርመራ መጠየቂያ የምንልከው እኛ ነን፤ ስለ ሽንቱ፣ ስለ ቀድሞው ቀዶ፣ ስለ ቲቢ፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሳይነስ ሕመሙ ሳንነግር የተሟላ ሪፖርት መጠበቅ አይገባንም።

ኢንፌክሽንን መርሳት አደገኛ የሚሆንበት አንድ ልዩ መንገድ አለ። ሊምፎሲቲክ ሃይፖፊሳይቲስ የተባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት ሕመም በምስልም በምልክትም ኢንፌክሽንን ይመስላል፤ ዳያቤትስ ኢንሲፒደስም ያመጣል። አንዳንዴ የሚታከመው በከፍተኛ መጠን በሚሰጥ ስቴሮይድ (ብግነትን በሚያበርድ የኮርቲሶል ዓይነት መድኃኒት) ነው። ያው ስቴሮይድ መግል ወይም ፈንገስ ላለበት ሰው ያለ ጀርም መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ፣ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታቱን አስታግሶ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። የጎደለውን ኮርቲሶል ለመተካት የሚሰጠው መጠን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በኢንፌክሽን ጊዜም የግድ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማምታታት በተለይ በጀማሪ ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ መመሪያው በግልጽ ቢለያቸው እወዳለሁ።

ስለ ቲቢ ትንሽ ልዘግይ፤ ናሙናን መከፋፈል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለእርሱ ነውና። ቲቢ በፒቱታሪ ላይ ሲቀመጥ ሳንባው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ታካሚውም ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ላይኖረው ይችላል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ግራኑሎማ (የመከላከያ ሴሎች ክምችት) ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን ግራኑሎማ ሳርኮይዶሲስ የተባለው ጀርም የሌለበት የብግነት ሕመምም፣ ፈንገስም፣ የተቀደደ የራትኬ ከረጢትም ሊሆን ስለሚችል መልሱ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚሰጡት የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው የጂንኤክስፐርት ምርመራና የቲቢ ካልቸር ናቸው፤ በተለይም ጀርሙ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም መሆን አለመሆኑን። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ናሙና ፍለጋ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ውሳኔው ለብዙ ወራት በግምት ይጓዛል። ሕክምናው ደግሞ ረጅም ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ ከዚያም በሪፋምፒሲንና በአይሶኒያዚድ የሚቀጥል፣ እንደ ሌላው የአንጎል ቲቢ በጠቅላላው 12 ወር ገደማ የሚወስድ ነው።

ሪፋምፒሲን በዚህ ሕመም ላይ የተደበቀ ወጥመድ አለው። የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃቃ ሃይድሮኮርቲዞን ከሰውነት ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋል፤ ፒቱታሪው የተጎዳ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ኮርቲሶል ሊያመነጭ አይችልም። ውጤቱም ትክክለኛ ምርመራ ተደርጎለት፣ ትክክለኛ የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ታካሚ በሳምንታት ውስጥ ዝሎ፣ ግፊቱ ወርዶና አስመልሶት መምጣቱ ነው። የቲቢ ክፍሉ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ይጠረጥራል፤ የሆርሞን ክፍሉ ደግሞ ስለ ሪፋምፒሲኑ አልሰማም። የሃይድሮኮርቲዞኑ መጠን ከጅምሩ መጨመር፣ ብዙ ጊዜም በእጥፍ ገደማ ማደግ አለበት፤ የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲንም ተጨማሪ ሊፈልግ ይችላል። ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ደግሞ መጠኖቹን መልሶ መቀነስ እንዳይረሳ። ይህ አንድ አንቀጽ በቲቢ መመሪያም በሆርሞን ሕክምና መመሪያም ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ፤ በአንዱ ብቻ ከተጻፈ ሌላው ክፍል አያነበውምና።

ፈንገስ፣ በተለይም አስፐርጊለስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስፌኖይድ ሳይነስ ተነሥቶ አጥንቱን እየበላ ይመጣል። የመከላከል አቅማቸው የወረደ ሰዎችን ይበልጥ ቢያጠቃም ሌሎችንም አያልፍም። ከሁሉ የሚያስፈራው የካሮቲድን ግድግዳ ሊያዳክም መቻሉ ነው። ቮሪኮናዞል ዋናው መድኃኒት ሲሆን ባሕርዩ የሪፋምፒሲን ተቃራኒ ነው፤ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ቮሪኮናዞልና ሪፋምፒሲን አብረው መሰጠትም የለባቸውም፤ ሪፋምፒሲን የቮሪኮናዞልን መጠን ከጥቅም ውጭ እስኪሆን ያወርደዋልና። የጀርሙን ማንነት ሳናውቅ «ለሁሉም ይሁን» ብለን የቲቢውንም የፈንገሱንም መድኃኒት በአንድ ላይ መጀመር የማንችለው ለዚህ ነው። ቂጥኝ፣ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስም በዚህ ዕጢ ላይ ታይተዋል፤ በደም ምርመራ ሊታገዙ ስለሚችሉ ከቀዶው በፊት የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ማድረግ በቂ ጅምር ነው።

ወደ መግሉ ልመለስ። ሕክምናው ሁለት እግር አለው፦ በአፍንጫ በኩል በስፌኖይድ ሳይነስ ተገብቶ መግሉን ማፍሰስ፣ ቀጥሎም በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ። በአፍንጫ መግባቱ የራስ ቅልን ከላይ ከመክፈት የሚመረጠው መግሉ ወደ አንጎል ፈሳሽ እንዳይፈስ ስለሚረዳ ነው። ጀርሙ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ቫንኮማይሲን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ያለ ጥምረት ስታፊሎኮከስን፣ ስትሬፕቶኮከስን፣ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎችንና ያለ አየር የሚኖሩትን ይሸፍናል፤ በአካባቢው ላቦራቶሪ የመድኃኒት መቋቋም መረጃ መሠረት ሊቀየርም ይችላል። ቆይታው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ታካሚው ከተረጋጋ፣ አንቲባዮቲኩን ናሙናው እስኪወሰድ ማዘግየት የካልቸሩን ዕድል ያሻሽላል። የደም መመረዝ ወይም የማጅራት ገትር ምልክት ካለበት ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሊጠበቅ አይገባም፤ ደሙ ለካልቸር ተወስዶ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመር። ዕይታው በፍጥነት እየደከመ ያለ ሰውም ለቀዶው ቀጠሮ ሊጠብቅ አይገባም።

ኮርቲሶልን በተመለከተ ያለኝ አቋም የማያወላዳ ነው። ከቀዶው በፊት የኮርቲሶል ደም ይቀዳ፤ ታካሚው ዝሎ ወይም ግፊቱ ወርዶ ከሆነ ውጤቱ ሳይጠበቅ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ወይም በጡንቻ ይሰጠው፣ ከዚያም በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊግራም ይቀጥል። ታይሮክሲን ከኮርቲሶል ቀድሞ መሰጠት የለበትም፤ ሰውነት ያለውን ኮርቲሶል ቶሎ እንዲያስወግድ አስገድዶ ታካሚውን ወደ አደጋ ሊገፋው ይችላልና።

የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ በአፍንጫ በኩል የወጣ ናሙና በአፍንጫ ጀርም ሊበከል እንደሚችል፣ ከካልቸሮቹም ግማሽ ገደማ ምንም እንደማያበቅሉ ይነግሩኛል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያውን በተመለከተ፣ የበቀለው ጀርም ብቻውን ሳይሆን ባክቴሪያን በቀለም ከሚያሳየው የግራም ምርመራና ከፓቶሎጂው ጋር ተያይዞ ይነበብ፤ ኒውትሮፊል የተባለው የመግል ነጭ የደም ሴል የሞላበት ናሙና ላይ የበቀለ ስታፊሎኮከስና ምንም ብግነት የሌለበት ናሙና ላይ የበቀለ ስታፊሎኮከስ አንድ ትርጉም የላቸውም። ሁለተኛው ደግሞ ናሙናውን የምንከፍልበት ተጨማሪ ምክንያት እንጂ የምንተውበት ምክንያት አይደለም። ማቀዝቀዣ ባለበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቢቀመጥ፣ ካልቸሩ ባዶ ሆኖ ጥርጣሬው ከቀጠለ ባክቴሪያን በዘረመሉ የሚለየው የ16ኤስ ጂን ምርመራ ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል። ባዶ ካልቸርም መግል ላየ ቀዶ ሐኪም ሕክምና የማቋረጫ ምክንያት አይሆንም።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ስለሚሆነውም አንድ ነገር ልጠይቅ። ራስ ምታቱና ዕይታው ብዙ ጊዜ ይሻሻላሉ፤ የጠፉት ሆርሞኖች ግን በአብዛኛው አይመለሱም። መግሉም ተመልሶ ሊቋጠር ስለሚችል ኤምአርአይው በወራት ልዩነት መደገም አለበት። ታካሚው ሲወጣ በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈ ካርድ ይያዝ፦ ሃይድሮኮርቲዞንን በራሱ እንዳያቋርጥ፣ ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን በእጥፍ እንዲወስድ፣ ማስመለስ ከጀመረ መርፌ እንደሚያስፈልገውና ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ የሚነግር። ዴስሞፕሬሲን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ያለ መጠን ውሃ መጠጣት ሶዲየሙን ሊያወርደው እንደሚችል ለእርሱም ለቤተሰቡም ይነገር።

ይህን ሁሉ ለማስጀመር ከምን እንጀምር ለምትሉኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ በብዙ ሆስፒታሎች ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በመጨረሻው ክፍል ነርሷ የናሙናውን ስም ጮክ ብላ እንድታነብ ያዛል፤ በዚያ ሰዓት ግን ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ገብቷል። ለፒቱታሪ ቀዶ ከመክፈት በፊት ባለው ክፍል አንድ መስመር ይጨመር፦ «ለካልቸር የሚሆን ንጹሕ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ? ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ማን ነው?» መልሱ በስም ካልተነገረ ቀዶው አይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሆርሞን ሕክምና ስፔሻሊስት